ሽጉጡ አልተበላሸም፦ የድሮው ጌም በአዲሱ ቴሌቪዥን ላይ ዳክዬ የማይመታው ለምንድነው?

ባለፈው ፋሲካ እናቴ ቤት ከቡፌው ሥር አንድ የቆየ ካርቶን ጎትቼ አወጣሁ። ውስጡ የሌለ ነገር የለም። ክዳን የሌለው ሪሞት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቻርጀር፣ በላስቲክ የታሰረ የፎቶ ኔጋቲቭ። ከሁሉም በታች ግን እሱ ተኝቷል። የልጅነቴ ጌም። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቢጫ ካሴት፣ ጫፉ የተፋቀ የፕላስቲክ ሽጉጥ።

"ይሄ ምንድነው አጎቴ?" አለኝ የእህቴ ልጅ። 11 ዓመቱ ነው። ምን ብዬ ላስረዳው? ሳሎን ወስጄ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ላይ ሰካሁት። ካሴቱን አንዴ እፍ፣ ሁለቴ እፍ አልኩት። በሦስተኛው ያ ሙዚቃ መጣ። እናቴ ከማድ ቤት ሆና "ደግሞ ያንን አመጣኸው?" አለች። በድምፁ ብቻ አወቀችው።

ልጁ ሽጉጡን ጨበጠ። ዳክዬዋ ከሳሩ ውስጥ ብድግ አለች። አለመ። ቃታ ሳበ። ስክሪኑ ብልጭ አለ፤ ዳክዬዋ ግን መብረሯን ቀጠለች። ደገመ። ሠለሰ። ሦስቱም ጥይት አለቀ። ውሻው ከሳሩ ብቅ ብሎ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀበት። ቀጥሎ ልጁ አፈሙዙን ስክሪኑ ላይ ሊለጥፈው ምንም አልቀረው። አሁንም ወይ ፍንክች።

"ተበላሽቷል" አለና ስልኩን አነሳ።

አልተበላሸም። ሽጉጡ ደህና ነው፤ ካሴቱም ደህና ነው። የጎደለው ያ ወፍራም ቴሌቪዥን ነው። ጀርባው አንድ ክንድ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ አናቱ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ የነበረው። ይህን ለልጁ ለማስረዳት ሞከርኩ። መሀል ላይ ሰለቸው። እናንተ እንደማትሰለቹ ተስፋ አለኝ።

ከሽጉጡ እንጀምር። ልጆች ሆነን ሽጉጡ የሆነ ነገር ወደ ቴሌቪዥኑ የሚልክ ይመስለን ነበር። ጨረር ነው የሚል ነበር፤ ዓይን ያጠፋል የሚልም ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሽጉጡ ምንም አይተኩስም። ይቀበላል እንጂ። አፈሙዙ ውስጥ ሌንስ አለች። ከሌንሷ ኋላ ደግሞ ብርሃን ሲነካት የኤሌክትሪክ ምልክት የምትሰጥ ትንሽ ዕቃ ተቀምጣለች። ዓይን በሏት። ይህች ዓይን ታዲያ ምስል አታይም። ዳክዬን ከውሻ አትለይም። የምታውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ብርሃን አለ፤ ብርሃን የለም።

በእንዲህ ያለ ዓይን እንዴት ዳክዬ ይመታል? ዘዴው እዚህ ላይ ነው። ቃታው ሲሳብ ጌሙ ስክሪኑን በሙሉ ጥቁር ያደርገዋል። ለአንድ ምስል ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከሰከንድ 50ኛ ወይም 60ኛ እጅ ነው። ወዲያው በሚቀጥለው ምስል ዳክዬዋ በነበረችበት ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ይስላል። ሌላው ሁሉ ጥቁር እንደሆነ ይቆያል። በዚያች ቅጽበት የሽጉጡ ዓይን ብርሃን ካየች አፈሙዙ ዳክዬዋ ላይ ነበር ማለት ነው። ተመታች። ብርሃን ካላየች ሳተ። ያ እኛ "ብልጭታ" የምንለው፣ የተኩስ ማሳመሪያ የሚመስለን ነገር ዋናው ሥራ ነበር።

ዳክዬዎቹ ሁለት ከሆኑስ? መጀመሪያ ለአንዷ፣ በሚቀጥለው ምስል ለሌላዋ ነጭ ሳጥን ይሳላል። ጌሙ የሽጉጡ ዓይን በየትኛው ተራ "አየሁ" እንዳለች ይቆጥራል። በቃ። ልክ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ "አቤት" እንደማለት ነው። ማን እንደሆነ የሚታወቀው በተራው ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም ማጥቆሩ ደግሞ ማጭበርበርን ለመከላከል ነው። ሽጉጡን ወደ ሌላ ብርሃን ብታዞሩት ዓይኗ ዘወትር ብርሃን ልታይ ትችላለች። ስክሪኑ ጨልሞ ሳለ "ብርሃን አለ" ካለች ጌሙ ይነቃባችኋል። የቀደሙት ይህን አያውቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የመጀመሪያው የቤት ጌም፣ ማግናቮክስ ኦዲሲ፣ እሱም የብርሃን ሽጉጥ ነበረው። ያንን ወደ አምፖል አዙሮ መተኮስና ማሸነፍ ይቻል ነበር። ሃሳቡ ራሱ ከዚያም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1936 ሲበርግ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በብርሃን የሚሠራ የዳክዬ ተኩስ ማሽን አውጥቶ ነበር። በዚያኛው ብርሃን የሚረጨው ሽጉጡ ሲሆን ዓይን ያላት ዳክዬዋ ነበረች። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶም እ.ኤ.አ. በ1970 የሸጠው አሻንጉሊት በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ለቴሌቪዥን "ዳክ ሀንት"ን፣ ይህንኑ የኛን የዳክዬ ጌም፣ ሲያወጣ ግን ነገሩን ገለበጠው። ዓይኗን ከዳክዬዋ አውጥቶ ሽጉጡ ውስጥ ከተተ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን በማንኛውም ቴሌቪዥን ላይ ሊሠራ የሚገባው ይመስላል። ጥቁርም ነጭም አዲሱ ቴሌቪዥን ያውቃል። ታዲያ ምን ሆነ? እዚህ ጋ ወደ ወፍራሙ እንመለስ።

የድሮው ቴሌቪዥን ጀርባው ወፍራም የሆነው አለምክንያት አይደለም። ውስጡ አየር የተመጠጠለት ትልቅ የመስታወት ቱቦ አለ። በቱቦው አንገት ላይ፣ እዚያ ከኋላ በኩል፣ ኤሌክትሮን የሚረጭ ዕቃ ተቀምጧል። ባለሙያዎቹ ስሙን ምን ቢሉት ጥሩ ነው? የኤሌክትሮን ሽጉጥ። አዎ፣ ሳሎን ውስጥ እውነተኛው ተኳሽ ቴሌቪዥኑ ነበር። ከፊት ያለው የስክሪን መስታወት ውስጡ ፎስፈር በሚባል ዱቄት ተቀብቷል። ኤሌክትሮኑ ሲመታው ያበራል። ከዚያ ወዲያው ይደበዝዛል።

ይህ ጨረር ስክሪኑን በሙሉ በአንዴ አይመታም። እንደ ጽሑፍ ነው የሚሄደው። ከላይ ከግራ ጥግ ይጀምራል፣ አንድ መስመር ወደ ቀኝ ይሰምራል፣ ይመለሳል፣ ቀጣዩን ይሰምራል። ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዙት አንገቱ ላይ የተጠመጠሙ የመዳብ ሽቦዎች ናቸው፤ ማግኔት ሆነው ይጎትቱታል። እኛ አገር በተለመደው ፓል በሚባለው ሥርዓት አንድ ምስል 625 መስመር አለው። እያንዳንዱ ሙሉ ምስል በሁለት ዙር፣ ግማሽ ግማሹ እየተጻፈ፣ በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ይጻፋል፤ ቅድም ከሰከንድ 50ኛ እጅ ያልኩት አንዱን ዙር ነው። አባዙት፤ በሰከንድ 15,625 መስመር።

ስለዚህ በየትኛዋም ቅጽበት ስክሪኑን ብታቆሙት ሙሉ ምስል የለም። በደንብ የሚያበራው ጨረሩ አሁን ያለበት ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። ሌላው ወይ እየደበዘዘ ነው፣ ወይ ተራውን እየጠበቀ ነው። ሙሉ ምስል አድርጎ የሚሰፋው የኛ ዓይን ነው። ልጆች ሆናችሁ ጫፉ የጋለ እንጨት በጨለማ አሽከርክራችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ፍሙ አንድ ነጥብ ነው፤ የሚታየው ግን ክብ ነው።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ልጅ ሳላችሁ ሌላ ክፍል ሆናችሁ፣ ድምፁ ተዘግቶም ቢሆን፣ ቴሌቪዥን መከፈቱን ታውቁ አልነበረም? አንድ ቀጭን፣ ጆሮ የሚወጋ "ሲይይይ" ነበረች። እኛ "ቴሌቪዥን ተከፍቷል" ስንል ትልልቆቹ "ምን ሰምታችሁ ነው?" ይሉ ነበር። ያ ድምፅ ቅዠት አልነበረም። መስመሮቹ የሚጻፉበት ምት ነው። በሰከንድ 15,625 ጊዜ የሚመላለሰው ኃይል ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ያንቀጠቅጣል፤ ንዝረቱም ይሰማል። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ በመጀመሪያ የሚያጣው እንዲህ ያለውን ቀጭን ድምፅ ስለሆነ ብዙ አዋቂ አይሰማውም። ዛሬ ያንን ቴሌቪዥን ብታገኙትም ድምፁን ላትሰሙት ትችላላችሁ። እኔን ይህ ከሁሉም በላይ አሳዘነኝ።

ሽጉጡ ግን ይሰማዋል። ማለቴ፣ ያየዋል። ውስጡ ያለው ሰርኪዩት የተሠራው በዚሁ ምት፣ በሰከንድ 15 ሺህ ጊዜ ገደማ ብልጭ ድርግም ለሚል ብርሃን ነው። ጸጥ ብሎ የሚበራ ብርሃን ለእሱ ብርሃን አይደለም። ተራ አምፖልን የሚንቀውም ለዚህ ነው፤ ቅድም ያልኩት ጥቁር ምስል ተጨማሪ ጥበቃ ነው።

አሁን ግድግዳው ላይ ያለውን ስስ ቴሌቪዥን ተመልከቱ። ጨረር የለውም፤ መስመር የሚጽፍ ነገር የለም። ከኋላው መብራት አለ፤ ከፊቱ ሚሊዮን ጥቃቅን መስኮቶች አሉ፤ መስኮቶቹ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ነጭ ሳጥን ሳል ሲባል ይስላል፤ ነጭነቱ ግን ጸጥ ያለ ነጭነት ነው። ያ ምት የለውም። የሽጉጡ ዓይን አፍጥጣ እያየችው "ብርሃን የለም" ትላለች። ልጁ አፈሙዙን ስክሪኑ ላይ ቢለጥፈውም ያው ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ችግር አለ፤ እሱም መዘግየት ነው። የድሮው ቴሌቪዥን አያስብም። ከጌሙ የመጣውን ምልክት እንደመጣ ይረጨዋል። አዲሱ ኮምፒውተር ነው። የመጣለትን ምስል ይቀበላል፣ ያስቀምጣል፣ ከራሱ ስክሪን ጋር እንዲመጣጠን ይለጥጣል፣ ያስውባል፣ ከዚያ ያሳያል። ይህ ሁሉ ከሰከንድ ጥቂት መቶኛ እጅ ይፈጃል። ለዜና ምንም አይደል። ለሽጉጡ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ጌሙ ነጩን ሳጥን ልኮ "አየሽ?" ብሎ ሲጠይቅ ቴሌቪዥኑ ገና ሳጥኑን እያስዋበ ነው። መልሱ "አላየሁም" ይሆናል። ሳጥኑ ስክሪኑ ላይ ሲደርስ ጥያቄው አልፏል። ውሻውም ስቆ ጨርሷል።

መፍትሔ የለውም ወይ? አለው፤ ግን ሌላ ሽጉጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዊ የተባለው የኒንቴንዶ ጌም ማሽን ዘዴውን ለወጠው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ለሰው ዓይን የማይታይ ብርሃን የሚሰጡ ትንንሽ መብራቶች ይቀመጣሉ፤ በእጅ የሚያዘው ዕቃ ውስጥ ያለው ካሜራ እነሱን አይቶ ወዴት እንደተነጣጠረ ያሰላል። ዛሬ ደግሞ በስክሪኑ ዙሪያ ነጭ ክፈፍ እየሳለ፣ ሽጉጡ ውስጥ ባለ ካሜራ ክፈፉን የሚያነብ ዓይነት ይሸጣል። ይሠራሉ። ከካርቶኑ ውስጥ የወጣውን አሮጌ ሽጉጥ ግን ከሞት አያስነሱትም። እሱ የሚያውቀው ወፍራሙን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ክርክር ልዝጋ። እናቴ "ጌም ቴሌቪዥን ያቃጥላል" ትል ነበር። ምናልባት የእናንተም። እኛ ደግሞ ውሸት ነው እንል ነበር። እንደማየው ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ ልክ ነበርን። ቴሌቪዥኑ አይነድም። ግን ፎስፈሩ በተመታ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይደክማል። ጌም ላይ ነጥብ የሚጻፍበት ቦታ ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ያ ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይደክምና ጥላው ይቀራል። ዜና እየታየ በዜና አንባቢው ግንባር ላይ የጌም ነጥብ ጥላ ማየት ይቻላል። ይህ እንዲሆን ግን ለረጅም ጊዜ፣ ደጋግሞ መጫወት ያስፈልጋል። እኛ እንዲያ አልተጫወትንም ብዬ ብምል ግን እውነት አይሆንም። ማታ እንዳይጠፋብን "ፓውዝ" አድርገን ቴሌቪዥኑን ብቻ ዘግተን እንተኛ ነበር። ጌሙ የደረስንበትን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ሥራውን የሚይዝበት ማስታወሻ 2 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ እሱም መብራት ሲሄድ አብሮ ባዶ ይሆናል። ጠዋት ተነስተን አዳፕተሩን ስንነካው ይፋጃል። መብራት ሌሊቱን ሄዶ መጥቶ ከነበረ ደግሞ... ይቅር፤ አሁንም ያናድደኛል።

ስለ ካሴቱ እፍታም ብዙ ሰው ይጠይቃል። ባጭሩ፦ የሚሠራው እፍታው አልነበረም። ካሴቱን ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ነው። የመዳብ ጥርሶቹ ሲፋተጉ የተቋረጠው ይገናኛል። ትንፋሽ እርጥበት አለው፤ ሲደጋገም ጥርሱን ያዝገዋል። ኒንቴንዶም አትንፉበት ብሏል። እኔ ግን አሁንም እነፋለሁ።

የኛዎቹ ማሽኖች እውነተኛ ኒንቴንዶ እንዳልነበሩም ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም በሚል ስም የወጣው ማሽን በታይዋንና በቻይና ተቀድቶ፣ በልዩ ልዩ ስምና መልክ ዓለምን አዳርሷል። ካሴቱ ላይ "9999" ጌም አለ ተብሎ ይጻፋል፤ ሲቆጠር ግን ጥቂት ጌም ነው፤ አንዱ ጌም ከተለያየ ደረጃ እየጀመረ በተለያየ ስም ይደረደራል። ተታለልን ብዬ አላማርርም። ዋጋው ለአባቶቻችን ኪስ የቀረበው በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞም ዋናዎቹ ጌሞች ራሳቸው በቁጠባ የተሠሩ ነበሩ። ሱፐር ማሪዮ በሙሉ 40 ኪሎባይት ነው። ስልካችሁ የሚያነሳው አንድ ፎቶ የዚያን መቶ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቦታ ለመቆጠብ ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው። ቀለማቸው ብቻ ይለያያል። ስንት ዓመት አየሁት፤ አንድ ቀን አልታየኝም። አሁን ካወቅኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

እነዚህ ሥዕሎች የተሳሉት በወፍራሙ ቴሌቪዥን ላይ እንዲታዩ ነው። ጠርዛቸው ትንሽ ይፈስሳል፤ ቀለሙ ከጎረቤቱ ቀለም ጋር ይቀላቀላል፤ ሠዓሊዎቹ ይህን አውቀው ይሠሩበት ነበር። ዛሬ በስስ ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ እያንዳንዷ ነጥብ እንደ ጡብ ተለይታ ትወጣለች። ሰው "ድሮ እንዲህ አስቀያሚ ነበር እንዴ?" ይላል። አልነበረም። ስልኬ ላይ መቶ የድሮ ጌም ጭኜ ሁለት ቀን ተጫውቼ የተውኩት፣ ለዛ ቢስ የሆነብኝ ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ በየአገሩ የድሮ ጌም ወዳጆች ሌላው የሚጥለውን ወፍራም ቴሌቪዥን እያሳደዱ የሚገዙት እብደት ይዟቸው አይደለም።

እናንተም ለማሳደድ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጀርባውን እንዳትከፍቱት። የቀለም ቴሌቪዥን ቱቦ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይጠቀማል፤ ከሶኬት ተነቅሎም ቱቦው ውስጥ ኃይል ሊቆይ ይችላል። የቴሌቪዥን ጠጋኝ ብቻ ይክፈተው።

እኔ ያገኘሁት ጠጋኝ ቤት ነው። የሰፈራችን ጠጋኝ ጥግ ላይ አንድ ወፍራም ቴሌቪዥን አስቀምጦ እግር ኳስ ያይበታል። ከፋሲካ ሳምንት በኋላ የእህቴን ልጅና ካርቶኑን ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ሳቀ፤ ግን ሰካልን። ልጁ አለመ፤ ቃታ ሳበ፤ ዳክዬዋ ደንዝዛ ወደቀች። ልጁ ዞሮ አየኝ። ደግሞ ሳበ፤ ደግሞ ወደቀች። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስልኩን አልነካም።

እኔ ግን ሌላ ነገር ገረመኝ። ልጁ እየመታ ነው። እኔ በሱ ዕድሜ አልመታም ነበር። ታላቅ ወንድሜ እንደ ጉድ ይመታል፤ እኔ ተራ ሲደርሰኝ ዳክዬዋ ቃታ ልስብ ስል እጥፍ ትላለች። ዓመት ሙሉ "አንተ ኢላማ የለህም" ተብዬ ኖሬያለሁ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ሳነብ ነው ያገኘሁት። አንድ ዳክዬ ብቻ በምትወጣበት የመጀመሪያው ምርጫ፣ በአንደኛው ጆይስቲክ ዳክዬዋን መንዳት ይቻላል። ጃፓኖቹ ለሁለተኛው ተጫዋች ብለው ያስቀመጡት ነው። ወንድሜ ሽጉጡን ሰጥቶኝ ጆይስቲኩን ምንጊዜም በእጁ ይይዝ ነበር። ለምን ስለው "ጌሙን የማስጀምረው በዚህ ነው" ይለኝ ነበር። እሱም ውሸት አልነበረም።

ወንድሜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። እዚያ ሌሊት መሆኑን እያወቅኩ ደወልኩለት።

"ዳክዬዋን ትነዳት ነበር አይደል?" አልኩት። ሰላምታም አልሰጠሁ።

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። ልክ እንደ ውሻው።